የዛፍ ጥላና የቤተሰብ ዕረፍት

ሰውነት በሥራ ሲደክም መቀመጫ እንደሚሻ ሁሉ መንፈስም ሲዝል ማረፊያ ይሻል። ለሥጋ ድካም መድኃኒቱ እንቅልፍና ምግብ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የመንፈስን ድካም ግን በምን እናሳርፈው ብለን ብንጠይቅ መልሱ እንደየሰው ይለያያል፤ አንዱ ወደ ጸሎት፣ አንዱ ወደ ዘፈን፣ አንዱ ወደ ወዳጁ ቤት፣ የዘመኑም ወጣት አብዛኛው ወደ እጅ ስልኩ ይሄዳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን፣ እኛ የከተማ ልጆች ግን እየረሳነው የመጣነውን አንድ ማረፊያ ነው። እርሱም ከቤተሰብ ጋር ሆኖ በተፈጥሮ መካከል ማረፍ ነው።

ይህን ስል ስለ ሽርሽር ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ሽርሽር መልካም ነገር ነው፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በአገራችን ልማድ ግን ከዛፍ ሥር ማረፍና ዛፍን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። በጥላው የሚያርፈው ሰው ራሱ የጥላው ጠባቂ ነበር። ጥላውም እስከ ዛሬ የቆየው፣ ዕረፍቱም ጥልቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም በምሳሌ አስረዳለሁ።

ዋና ምስክር የሚሆኑን በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። በጎጃምና በጎንደር ደጋ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው የታረሰ መሬት፣ የግጦሽ ሜዳና አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ተክል ነው። በዚያ መካከል ግን እዚህም እዚያም ክብ ሠርቶ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታየዋል። ቀረብ ሲል ከደኑ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይልለታል። በዚያ አገር ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብዛኛው ይኸው ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉት ደኖች ከአንድ ሺሕ ይበልጣሉ።

ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው። እርሳቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ በእነዚህ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መኖራቸውን አመልክተዋል። አንዳንዱ ደን ስፋቱ ከሁለት ሔክታር ያነሰ ነው፤ ይኸውም ከሦስት የእግር ኳስ ሜዳ አይበልጥም ማለት ነው። ከዚህም በኋላ ማርጋሬት ሎማን ከተባሉ አሜሪካዊት የዛፍ ተመራማሪ ጋር በመሆን ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረው በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው እርሻ ላይ ስለ ሆነ እርሻውም ይጠራለታል። ካቡም ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላና እንዳይረግጥ ይከላከላል። ቡቃያ የሌለው ደን ምንም ያህል ትልልቅ ዛፎች ቢኖሩት ልጅ እንደ ሌለው ቤት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ የሚተካቸው የለም።

ታዲያ ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር እነዚህ ዛፎች እንዴት ተረፉ? ለብዙ መቶ ዓመታት ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አልቆመላቸውም፤ የሽቦ አጥርም አልታጠረላቸውም። የጠበቃቸው የሰው እምነት ነው። ካህናቱ ደኑን የገነት ምሳሌ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ልብስ አድርገው ያዩታል። ዛፉን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ልብስን ከሰው ላይ እንደ መግፈፍ ያህል ነውር ነው። የአካባቢውም ሕዝብ ይህን ስለሚያምን ማገዶ ቢያጥረው እንኳ መጥረቢያውን ወደዚያ አያነሣም።

በዚህ ጥላ ሥር የሚያልፈውን የቤተሰብ ኑሮ ደግሞ እንመልከት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለክርስትና ስትመጣ እናት የምታርፈው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ፊደልና ዳዊት የሚያጠናው ከዚያው ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰንበቴው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ የሚሰበሰበው በዚያው ግቢ ነው። የተጣሉ የሚታረቁት፣ ባልቴቶች ስለ ልጆቻቸው የሚመካከሩት እዚያው ነው። በመጨረሻም ሰው ሲሞት የሚቀበረው በነዚያው ዛፎች መካከል ነው። ስለዚህ ለገጠሩ ቤተሰብ ደኑ ለመጎብኘት የሚሄድበት ሩቅ ቦታ ሳይሆን የሕይወቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተመዘገበበት ግቢ ነው። አያቱ የተቀበረበትን ጥድ ማን በመጥረቢያ ይመታል?

የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠርም ተፈጥሮን እንድንመለከት ያስገድደናል። ዓመቱ በአራት ወቅቶች ተከፍሎ፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይደርሳል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ደግሞ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ማኅሌቱም የአበባን ነገር እያነሣ ሌሊቱን ይቆማል። ዝናሙ፣ ዘሩ፣ አበባውና ፍሬው እያንዳንዳቸው በተራቸው በመዝሙርና በምንባብ ስለሚታሰቡ፣ ጆሮውን ከፍቶ የሚሰማ ሰው መስኮቱን ሳይከፍት እንኳ ደጅ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ከቅዱሳኑም ታሪክ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ሳለ ከዛፍ ሥር አረፈ ይባላል። በዚያም አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግሞ እየወደቀ ስድስት ጊዜ ሲሞክር፣ በሰባተኛው ሲሳካለት አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ትጋት ሲነገረን ሰምተናል። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ያሬድን ያጽናናው የዛፉ ማማር አልነበረም፤ ራሱን ረስቶ የሌላ ፍጥረትን ድካም በትዕግሥት መመልከቱ ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል አንበሶችና ነብሮች በዙሪያቸው ቆመው፣ ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። በስማቸው የሚጠራው ገዳም የሚገኘው በዝቋላ ተራራ አናት ላይ፣ እሳተ ገሞራ በተወው ጐድጓዳ ሐይቅ አጠገብ ነው። ምእመናን በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ተራራውን ይወጣሉ። ሥዕሉን ያየ ሕፃን አውሬም ከሰው ጋር የሚኖርበት ዓለም እንዳለ በልቡ ይይዛል።

ይህ ነገር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በሰፈራችን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚኖር ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በእስልምና ዛፍ ተክሎ ሰው ወይም ወፍ ከፍሬው ቢበላ ለተከለው ሰው እንደ ምጽዋት እንደሚቈጠርለት ጎረቤቶቻችን ያስተምሩናል። የኦሮሞ ሕዝብ የክረምቱ ዝናም ካለፈ በኋላ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር በመውረድ በእሬቻ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ይኸው በዓል ከቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሌላ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባም እንደገና መከበር ጀምሯል። በደቡብ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድርና በ2023 የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ማንም እንዳይቈርጣቸው የተከለከሉ ቅዱሳን ደኖች አሏቸው። ቋንቋውና ሥርዓቱ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ሰው በቤተሰብና በጎሣ ሆኖ ወደ ዛፉ ወይም ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ምስጋናውን ያቀርባል፤ ስፍራውንም ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ የዘመኑ ሳይንስ ስለዚሁ ጉዳይ ምን እንደሚል እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ከእነርሱ 23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር፤ 23ቱ ደግሞ የጡብ ግድግዳ ብቻ ያዩ ነበር። ዛፍ ያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራውንም የሕመም ማስታገሻ የወሰዱት በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤንነታቸውና የኑሮ እርካታቸው ከማያሳልፉት የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። በጃፓንም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጫካ ውስጥ ረጋ ብሎ መቆየት «የደን መታጠብ» የሚል ስም ተሰጥቶት ለጤና ይመከራል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሳስብ ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል። የመጀመሪያው፣ አእምሮአችን በክፍልም ሆነ በመንገድ አንድን ነገር አጥብቆ ሲከታተል ይደክማል፤ የቅጠል መወዛወዝና የወፍ ድምፅ ግን ሳያስገድደን ልባችንን ስለሚስብ አእምሮ ሥራውን ሳያቆም ያርፋል። ሁለተኛው፣ ዛፍ ከእኛ ይልቅ ረጅም ዘመን ይኖራል። አያት ቅድመ አያታችን ያለፉበትን ጥድ ቀና ብለን ስናይ ዛሬ ያስጨነቀን ነገር ልኩን ያገኛል። ሦስተኛውና ለቤተሰብ የሚጠቅመው ግን የወሬው መንገድ ነው። በቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለመናገር የሚከብደን ነገር ጎን ለጎን ስንራመድ ይቀለናል። ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ ዝም ብንልም ዝምታው አያሳፍርም።

ይህን ሦስተኛውን ምክንያት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው የተማርሁት። እኛ የምንኖረው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ነው። አያቴ ደግሞ ቡልጋ ተወልደው፣ በካዛንቺስ ልጆቻቸውን ወልደው ያሳደጉ ሴት ናቸው። አባቴ አንዳንድ ጊዜ ሲቀልዱ «እናቴ ከቡልጋ ተነሥታ እስከ ቡልጋሪያ ዘር አላት» ይላሉ። የካዛንቺሱ ቤት ትንሽ ቢሆንም ግቢው ውስጥ አንድ የወይራ ዛፍ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ነበረው። አክስቶቼና አጎቶቼ በየበዓሉ የሚሰበሰቡት፣ ቡናው የሚፈላው፣ እርቁም የሚወርደው ከዚያች ወይራ ሥር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲነሣ ያ ቤት ፈረሰ፤ አያቴም ከከተማው ዳር በሚገኝ ፎቅ ቤት እንዲኖሩ ሆነ። ሲሄዱ ከግቢያቸው ይዘው የሄዱት በወተት ጣሳ የተተከለች አንዲት ጤና አዳም ነበረች።

አዲሱ ቤት ውሃና መጸዳጃ ያለው ንጹሕ ቤት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አያቴ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ወሬ ቀነሱ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሐኪም አየቻቸው፤ ለዕድሜያቸው ጤነኛ ናቸው አለች። ከካዛንቺስ የተነሡት ዘመዶቻችንም በየአቅጣጫው ስለ ተበተኑ በዓል ሲመጣ የት እንሰብሰብ የሚለው ነገር ራሱ ችግር ሆነ። የማንም ቤት ሁላችንን አይችልም። በዚህ ጊዜ እናቴ «ቤት ካልበቃን ደጅ ይብቃን» አሉና በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እንጦጦ እንድንወጣ አሰቡ። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያም ወደ ላይ ሌላ ታክሲ ይዘን እንሄዳለን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አያቴ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር እንጂ ብዙ አልተናገሩም። በሦስተኛው ወር ታናሽ ወንድሜ አንድ ቅጠል ቆርጦ አምጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አያቴ ቅጠሉን በእጃቸው ፈትገው አሸተቱና «ብሳና ነው፤ ደግሞ ሁለተኛ ሳትጠይቅ እንዳትቈርጥ» አሉት። ከዚያም ብሳናው ምን እንደሚሠራ፣ ወይራው የወተት ዕቃና የጠላ ጋን እንደሚታጠንበት፣ ዋንዛው ከበሮና በር እንደሚሆን፣ ኮሶ በእርሳቸው ልጅነት እንዴት እንደሚጠጣ እስከ ቀትር ድረስ ሲነግሩን ቆዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ አስተማሪ፣ እኛ ተማሪዎች ሆንን። ኀዘናቸው ጠፋ አልልም። የሚፈለጉበት ሥራ ግን አግኝተዋል፤ ቅዳሜ ማታ እየደወሉ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» ይላሉ።

የአያቴ ዕውቀት ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ሲመረምሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሐርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ስለ ሆኑ ነገሩ ለዓለም የሚተርፍ ምርምር ሆነ፤ ሊቁም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ታላቅ ሽልማት ተሸለሙበት። የምርምሩ መነሻ ግን እናቶች ከእናቶቻቸው የተቀበሉት የእንዶድ ዕውቀት ነበር። የዛፍን ስም የማያውቅ ልጅ ዛፉ ሲጠፋ መጥፋቱንም አያውቅም። ለዚህ ነው አሁን እኔና ወንድሜ አያቴ የሚነግሩንን ሁሉ በደብተር የምንጽፈው።

ስለ እንጦጦ ስናነሣ ታሪኩንም መርሳት አይገባም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን የከተማው ሕዝብ የአካባቢውን ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ስለ ጨረሰው ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አድጎ ማገዶውንና ማገሩን ስለ ሰጠ አዲስ አበባ ከስፍራዋ አልተነሣችም። ባሕር ዛፍ ባለውለታችን ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ውሃ በብዛት ስለሚጠጣና ከሥሩ ሌላ ተክል በደንብ ስለማይበቅል ከጥንቱ ደን ጋር አይተካከልም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክና በሰሜን ምዕራብ ያለው የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎች ተመልሰው እንዲበቅሉ የሚደረግባቸው ስፍራዎች ናቸው።

በእንጦጦ መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ለብዙ ዘመን ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ጐንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ሲታዩ ኖረዋል። እኛ ለዕረፍት ስንወጣ እነርሱ ለእንጀራ ይወርዱ ነበር። አንድ ስፍራ ለአንዱ መጽናኛ፣ ለሌላው ሸክም ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስተምረናል። አያቴ እንዲህ ያለች ሴት ካገኙ «በርቺ እናቴ» ሳይሉና ውሃ ሳይሰጡ አያልፉም። ስለ ተፈጥሮ ውበት እየተናገርን በውስጧ የሚደክመውን ሰው የማናይ ከሆነ ያገኘነው ዕረፍት የራስ ወዳድ ዕረፍት ነው።

የጥንቱ ደን ምን ይመስል እንደ ነበር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ወደሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን መሄድ ይችላል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዛሬም ትልልቅ ጥዶች፣ ዝግባና ኮሶ ቆመውበታል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው የመትከል ሥራ ለዛሬው ልጅ ጥላ መሆኑን ያየ ሰው ችግኝ ሲተክል እጁ አይሰንፍም።

እንግዲህ ይህን ልማድ በቤቱ ለመጀመር ለሚፈልግ የሚረዱ ጥቂት ምክሮች ላቅርብ። አንደኛ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰፈራችን ሳንወጣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሚቀመጡበት ጥላ አለ፤ ሌላውም በየእምነቱ ስፍራና በየመናፈሻው ያገኛል። ሁለተኛ፣ አንድን ስፍራ መርጦ ደጋግሞ መሄድ ይሻላል፤ ያንኑ ዛፍ በክረምትም በበጋም ያየ ሰው ይለምደዋል፣ የለመደውንም ይወድደዋል። ሦስተኛ፣ ከመካከሉ ሩብ ሰዓት ያህል ስልክ ተዘግቶ ሁሉም ዝም ይበል፤ የሚጸልይ ይጸልይ፣ የማይጸልይም ያዳምጥ። አራተኛ፣ በቤቱ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የገፋው ሰው ይናገር፣ ትንሹም ይጠይቅ። አምስተኛ፣ ባዶ እጅ አለመመለስ ነው፤ ሌላው የጣለውን ላስቲክ ለቅሞ መመለስ፣ ወይም በሰኔና በሐምሌ አንድ ችግኝ ተክሎ በበጋ ውሃ ማጠጣት። መትከሉን ብዙዎች ያውቁበታል፤ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ እኛ ተማሪዎችም በየክረምቱ እንተክላለን። በጥርና በየካቲት ተመልሶ የሚያጠጣው ግን ጥቂት ነው።

«ለዚህ ጊዜ የት አለን? የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሶብናል» የሚሉ ጓደኞቼ አሉ። እኔም ተፈታኝ ነኝ። በወር አራት ሰዓት ግን ከማናችንም አይታጣም፤ ያን ያህል ሰዓት በስልክ ላይ ስናሳልፍ ማንም አይቈጥርብንም። ወላጆችም «ልጆቻችን አያዋሩንም» እያሉ ሲያዝኑ እሰማለሁ። ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ተናገር» ከማለት ይልቅ ጎን ለጎን ይዞት ቢራመዱ የሚሻል ይመስለኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቻችን ዩኒቨርስቲ ተመድበን ወደ ሌላ ክፍለ አገር እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን ጎንደርና ባሕር ዳር፣ አንዳንዶቻችን ዲላና አርባ ምንጭ እንደርሳለን። በሄድንበት ሁሉ የአገሩ ሰው የሚያከብረው ዛፍ፣ ደን ወይም ምንጭ አለ። እዚያ ስንደርስ በመጀመሪያው እሑድ ከአገሩ ሽማግሌዎች አንዱን «ይህን ዛፍ ማን ተከለው? ማንስ ይጠብቀዋል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ጽፈን ለቤተሰቦቻችን እንላክ። በመጪው ክረምት ስንመለስም የተማርነውን ስም ሁሉ ለታናናሾቻችን እንንገራቸው፤ አንዲት ችግኝም አብረን እንትከል፤ በጥር ማን እንደሚያጠጣትም ከመሄዳችን በፊት ተስማምተን እንለያይ።